ሞተሪኖና ሰልፍ፦ ከጎንደር ጋራዥ እስከ አል-ሳሃፋ

በ2011 ጁላይ መጨረሻ አል-ሳሃፋ ምሥራቅ በተከራየነው ግቢ በር ላይ ቦክሰር ሞተር ሳይክላችን አልነሳም ብላ ቆመች። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ካርቱም ሳለን የንግድ ደብተሬን የምይዘው በዚያ ስለነበር ለምዶብኛል።) ሞተር ሳይክሏ የእኔና የአክስቴ ልጅ የጋራ ንብረት ነበረች። እሱ ይነዳል፣ እኔ ሂሳብ እይዛለሁ። ጠዋት እንጀራ ዴም ላሉት ምግብ ቤቶች ታደርሳለች፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከመተማ የተላከልንን በርበሬና ሽሮ ከሚና በሪ አውቶቡስ መናኸሪያ ታመጣለች። አንድ ቀን ከቆመች የሁለት ቤት ገቢ ይቆማል። ደቡብ ሱዳን በዚያው ወር ተገንጥላ ነዳጁ አብሯት ሄዷል፣ የሱዳን ፓውንድም መውረድ ጀምሯል፤ ዛሬ ያልተገዛ ዕቃ ነገ ዋጋው ሌላ ነው።

የጎረቤታችን ልጅ ረክሻ ነጂ ነበርና ማስነሻ ቁልፉን ተጭኖ አዳመጠ። «ያ ኡኽቲ፣ አስ-ሰልፍ ባይዝ» አለኝ። ሰልፉ ተበላሽቷል ማለቱ ነው። ሰልፍ እኛ አገር ሞተሪኖ የምንለው ማስነሻ መሆኑን አውቃለሁ። ስለዚህ ቀጥ ብዬ ዕቃ ሻጮች ዘንድ ሄድኩ፤ ተከራከርኩ፤ የወር ትርፌን ከፍዬ አዲስ ሞተሪኖ ይዤ መጣሁ። ተገጠመ። ቁልፉ ሲጫን የሰማነው ያንኑ የድሮውን ድምፅ ነው፦ ዥዥዥ። ሞተሩ ንቅንቅ አላለም።

ያን ጊዜ ነው ጋሼ ዘንድ የሄድነው። ስማቸውን አልጽፍም፤ የአል-ሳሃፋ ሀበሻ ሁሉ «ጋሼ» ብቻ ነበር የሚላቸው። ጎንደር ጋራዥ ውስጥ በልጅነታቸው ሙያ ተምረው፣ በደርግ ጊዜ በገዳሪፍ በኩል በእግራቸው የወጡ ናቸው። ካርቱም ሲናዒያ በምንለው የጋራዥ ሰፈር ስንት ዓመት ሠርተዋል። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«ይዞራል ወይስ አይዞርም?»

«ሞተሪኖው? ይዞራል ጋሼ፣ ድምፁ ይሰማል።»

«ታዲያ የሚዞረውን ሞተሪኖ ምን አድርጎሽ ቀየርሽው?»

አፈርኩ። የንግድ ሥራ ዲፕሎማ አለኝ፣ ሚዛን መዝገብ መዝጋት አውቃለሁ፤ ግን ደኅና ዕቃ አውጥቼ ደኅና ዕቃ አስገብቻለሁ። ጋሼ በካቻቢቴያቸው መሬት ላይ እየሳሉ አስረዱኝ። በሞተሪኖውና በሞተሩ መካከል ሌላ ዕቃ አለ። ሥራው ሞተሪኖው ሞተሩን እንዲያዞር መፍቀድ፣ ሞተሩ ግን ሞተሪኖውን ይዞ እንዳይበር መከልከል ነው። ብስክሌት የነዳ ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል። ፔዳሉን ወደ ፊት ስትመቱት የኋላው ጎማ ይዞራል፤ እግራችሁን ስታሳርፉ ግን ጎማው ብቻውን ይሄዳል እንጂ ፔዳሉን አያዞርም። በብዙዎቹ ትንንሽ ሞተር ሳይክሎች ይህ ዕቃ ከማግኔቱ ጀርባ የተቀመጠ ነው። ብዙውን ጊዜ ሦስት ትንንሽ የብረት ሮለሮችና እነሱን የሚገፉ ሦስት ቀጫጭን ሞላዎች አሉት። ሮለሮቹ የተቀመጡበት ቦታ በአንድ ወገን ሰፊ፣ በሌላው ወገን ጠባብ ነው። ሞተሪኖው ሲዞር ሮለሮቹ ወደ ጠባቡ ገብተው ይነክሳሉ፤ ሞተሩ ተነስቶ ሲፈጥን ወደ ሰፊው ተመልሰው ይለቃሉ። ሮለሩ ሲያልቅ፣ ሞላው ሲደክም፣ ወይም የያዘው ብሎን ሲላላ የሚነክስ ነገር ይጠፋል። ሞተሪኖው ባዶውን ይዞራል። ዥዥዥ የሚለው ያ ነው።

የእኛ ቦክሰር በእግር ስትመታ ወዲያው ትነሳ ነበር። ጋሼ እንዳሉት ይሄ ብቻውን ምስክር ነው፤ የእግር መምቻው የራሱ መንገድ ስላለው በዚያ ዕቃ በኩል አያልፍም። ሦስቱ ሮለሮች ከነሞላቸው የተገዙበት ዋጋ ከሞተሪኖው ጋር ሲተያይ ምንም አልነበረም። የገዛሁትን ሞተሪኖ ሻጩ አልመልስም አለኝ፤ የተገጠመ ዕቃ አይመለስም ነው ሕጉ። እኔም በቦታው ብሆን አልመልስም ነበር።

በዚያ ማታ ቡና አፍልቼ ጋሼን ጠየቅኳቸው። ለምንድን ነው አንድ ዕቃ ጎንደር ሌላ ስም፣ ካርቱም ሌላ ስም ያለው? የመለሱልኝን ለዓመታት እያጣራሁ፣ ከሰማሁትና ካነበብኩት ጋር እያያያዝኩ ቆይቻለሁ። ታሪኩ እንዲህ ነው።

የእኛ የጋራዥ ቋንቋ ጣሊያንኛ ነው። ጣሊያኖች ኤርትራን ከ1890 ጀምሮ ገዝተዋል፤ ኢትዮጵያን ደግሞ ከ1936 እስከ 1941 ወርረው ቆይተዋል። በነዚያ አምስት ዓመታት መንገድ ሲቆፍሩ፣ ሊማሊሞን በጠመዝማዛ መንገድ ሲያወርዱ፣ ካሚዮናቸውና ሞተር ሳይክላቸው በየመንገዱ ሲሰበር የሚጠግን እጅ ያስፈልጋቸው ነበር። የእኛ ልጆች ከጎናቸው ቆመው ቁልፍ ሲያቀብሉ ቃሉን አብረው ተቀበሉ። ጦርነቱ ሲያልቅ ወታደሩ ሄደ፤ ጋራዥ የነበረው ጣሊያን ግን አንዳንዱ አስመራም አዲስ አበባም ቀረ። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ዳዶ፣ ብሎን፣ ቴስታታ፣ ቺንጊያ፣ ጎሚስታ፤ ሁሉም ከዚያ ወገን ነው። ሞተሪኖም «ትንሽ ሞተር» ማለት ነው። ካቴና ሰንሰለት ማለት ሲሆን እኛ ፖሊስ እጅ የሚያስርበትንም ጨምረን ጠራንበት። ጣሊያንን ያስወጣ ሕዝብ ጋራዡ ውስጥ ግን በቋንቋው ይሠራል፤ ማንም በዚህ ሲያፍር አላየሁም፣ ማፈርም አያስፈልግም።

ሱዳን ደግሞ የእንግሊዝ ናት። ከ1899 ጀምሮ እስከ ጃንዋሪ 1 ቀን 1956 ድረስ በስም የእንግሊዝና የግብፅ፣ በተግባር የእንግሊዝ አስተዳደር ነበረች። የባቡር ድርጅቱ ትልቁ ወርክሾፕ አትባራ ነበር፤ ብረት መቅጠፍ፣ መገጣጠም፣ መፍታት የተማረ ሱዳናዊ ሁሉ የአትባራ ስም ሲነሳ ደረቱን ይነፋል። እዚያ የሚሠራበት ቃል እንግሊዝኛ ነበርና ክላች ክላች ሆኖ ቀረ፣ ጊር ጊር ሆኖ ቀረ፣ መለዋወጫም እስቤር ተባለ። ሰንሰለት ግን በዐረብኛው ጀንዚር ነው። ድንበር ሲሻገሩ ስማቸው የማይለወጠው ሁለት ናቸው፦ ዘይትና ቤንዚን።

ሰልፍ የሚለው ቃል ታሪኩ ለብቻው ነው። መኪና በመጀመሪያ የሚነሳው ከፊት በብረት እጀታ በመጠምዘዝ ነበር። ሞተሩ ወደ ኋላ ሲመታ እጀታው የሰው ክንድ ይሰብራል፣ መንጋጋ ያወልቃል። አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማስነሻ ሠርቶ በ1912ቱ ካዲላክ ላይ ተገጠመ። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ሰልፍ ስታርተር» አሉት፤ ራሱን በራሱ የሚያስነሳ ለማለት። ሱዳኖች የፊቱን ቃል ይዘው የኋላውን ጣሉት። ስለዚህ ካርቱም «ሰልፍ» የሚለው ቃል «ራስ» ማለት ሆኖ ሳለ ማስነሻ ማለት ሆነ፤ ለእኛ ለሀበሾች ደግሞ ተራ መያዝ ማለት ነው። በ2018 ካርቱም ነዳጅ ጠፍቶ ማደያዎች ዙሪያ ሰው ሌሊት ሲያድር የኛ ሰፈር ቀልድ አንድ ነበር፦ ሰልፍ ለመሰለፍ ሰልፍ ያስፈልጋል። ቀልዱ ግን እውነት ነበረው። ወረፋው ሁለት ሜትር ሲንቀሳቀስ ሞተር ማስነሳት፣ ማጥፋት፣ እንደገና ማስነሳት፤ በአንድ ሌሊት ሠላሳ ጊዜ ቁልፍ ይጫናል። ባትሪው ይደክማል፤ ባትሪ ሲደክም ሞተሪኖው ሞተሩን በቂ ፍጥነት አይሰጠውም፤ ሞተሩም ወደ ኋላ ይመታል። ያ ምት በቀጥታ የሚያርፈው ሮለሮቹ ላይ ነው። በዚያ ዓመት ጋሼ ደጃፍ ላይ ዥዥዥ እያለች ያልመጣች ሞተር ሳይክል አልነበረችም ብል አላጋነንኩም።

ሁለቱ የጋራዥ ቋንቋዎች ፊት ለፊት የተጋጠሙበት ቦታ ደግሞ እኛ በየወሩ የምንሻገረው ነው። በጁላይ 1940 ጣሊያኖች ከመተማ ተሻግረው ገላባትን ያዙ። ኖቬምበር 6 ቀን ደግሞ ብርጋዴር ዊልያም ስሊም አሥረኛውን የህንድ እግረኛ ብርጌድ ይዘው ገላባትን አስለቀቁ፤ ትንሿን ወንዝ ተሻግረው መተማን መያዝ ግን አልቻሉም። አሥራ ሁለት ታንክ ነበራቸው። አብዛኞቹ በፈንጂና በብልሽት ቆሙ፤ መለዋወጫ የጫነው መኪናም ከአየር ተመታ። እስቤር አጥቶ የቀረ ጦር ማለት ይሄ ነው። ገላባት ላይ ጉምሩክ ስንጠብቅ ይህን ለሴቶቹ ስነግራቸው አንዷ «እኛም እኮ በየጊዜው በእስቤር ነው የምንሸነፈው» አለች፤ ሁላችንም ሳቅን።

ከህንድ የመጣው ወታደር ሄደ፣ ከህንድ የመጣው ማሽን ግን ቆይቶ መጣና ሁለቱን አገር ሞላ። እዚህ ላይ ታሪኩ ዞሮ እንደገና ጣሊያን ይገባል። ፒያጆ የሚባለው ድርጅት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1946 ቬስፓን አወጣ፤ የነደፈው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የሄሊኮፕተር መሐንዲስ ነበር። በ1948 ደግሞ ሦስት ጎማ ያላትን አፔን ጨመረ። ቬስፓ ተርብ ማለት ነው፣ አፔ ንብ። የህንዱ ባጃጅ በ1960ዎቹ ከፒያጆ ፈቃድ ገዝቶ ባለሁለትና ባለሦስት ጎማውን ህንድ ውስጥ ሠራ፤ ፈቃዱ በ1971 ሲያበቃ በራሱ ስም ቀጠለ። ረክሻ ውስጥ የተሳፈረ ሰው ነጂው ማርሽ ሲቀይር በግራ እጁ መሪውን ሲጠመዝዝ አይቷል። ያ ቬስፓ ላይ የነበረው ነው። ስለዚህ ባህር ዳርና ካርቱም የሚያጓራው ባለሦስት ጎማ በአያቱ ጣሊያናዊ፣ በአባቱ ህንዳዊ ነው። ረክሻ የሚለው ቃል ደግሞ ከጃፓን ነው የመጣው፤ ሰው በጉልበቱ የሚጎትተው ጋሪ ስም ነበር።

ለነጋዴ ገንዘብ የሚያስወጣው ነገር እዚህ አለ። እኛ አገር «ባጃጅ» ባለሦስት ጎማው ነው፤ ቲቪኤስ የሠራውም ቢሆን ባጃጅ ነው። ሱዳን ውስጥ ግን ባጃጅ ድርጅቱ ነው፤ ባለሦስት ጎማው ረክሻ፣ ባለሁለት ጎማው ሙተር ይባላል። ቦክሰርም ረክሻም ባጃጅ የሠራቸው ናቸው። አንዲት የማውቃት እህት ከጎንደር «የባጃጅ ፍሪሲዮን ሃያ» ተብሎ ታዘዘች፤ ካርቱም ገብታ «ክላች ባጃጅ» ብላ ጠየቀች፤ የቦክሰር ሸጡላት። ሰውየው አልዋሸም፣ የጠየቀችውን ነው የሰጣት። ሃያውን ዕቃ መተማ ላይ በኪሳራ አራገፈችው።

አሜሪካ ከ1997 እስከ 2017 በሱዳን ላይ የጣለችው ማዕቀብም በዚህ ንግድ ውስጥ እጁ አለበት። ባንክ ለባንክ ገንዘብ መላክ ስለማይቻል ክፍያው በእጅ፣ በዘመድ፣ በዱባይ በኩል ይዞር ነበር። ዕቃው የህንድና የቻይና ሆነ፤ በአንድ ዓይነት ካርቶን ሦስት ዓይነት ጥራት ይገባ ጀመር። ካርቶን አይቶ መግዛት ያኔ ቀረ። ጋሼ የሚያዩት ሮለሩን በጥፍራቸው፣ ዲስኩን በጠርዙ ነበር።

ሁለተኛው ትምህርቴ በ2017 መጣ፤ የካምቢዮ ነገር። ቦክሰሯ ጭነት ይዛ ስትሄድ ሞተሩ ይጮኻል፣ ፍጥነት ግን አይጨምርም። አንድ ጋራዥ «ጊሩ አልቋል፣ ሞተሩ ተከፍሎ መከፈት አለበት» አለን። የጠየቀን ገንዘብ ሌላ አሮጌ ሞተር ሳይክል ሊገዛ ምንም አይቀረው። አሁን ግን ተምሬያለሁ፤ ከመክፈሌ በፊት ጋሼ ዘንድ ሄድኩ።

እሳቸው ቦክሰሯን አስነሱ፣ ከፍተኛው ማርሽ ላይ አስገቡ፣ ፍሬኑን ጥርቅም አድርገው ያዙና ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለው ለቀቁ። ጤነኛ ፍሪሲዮን ቢሆን ሞተሩ ታንቆ መጥፋት ነበረበት። አልጠፋም፤ እየጮኸ ቀጠለ። «ጥርሱ ደኅና ነው፤ ሸራው ነው የሚንሸራተተው» አሉ። ማርሽ ያለቀበት ሞተር ጠባዩ ሌላ ነው፦ አንዱ ማርሽ ላይ ብቻ፣ ብዙውን ጊዜ ጋዝ ሲሰጥ ወይም ሲለቀቅ፣ ጧ ብሎ ራሱን ያወጣል። ያ የማርሹ ጥርስ ጫፍ መክበቡ ወይም የሚገፋው ሹካ መጣመሙ ነው፤ እሱ እውነትም ሞተር ያስከፍታል። ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ የማይለቅ ሲሆን ደግሞ ማርሹ ከብዶ ይገባል፤ ሲሞቅማ ኔትራል ማግኘት መከራ ነው። ያን ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው የእጅ መያዣው ሽቦ ነው። መያዣው ሥሩ ላይ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ልቅ መሆን አለበት፤ ከዚያ ሲበዛ አይለቅም፣ ጨርሶ ሲጠብቅ ደግሞ ያንሸራትታል። ረክሻ ላይም አንድ ማርሽ አልገባ ሲል ከመሪው የሚወርዱትን የማርሽ ሽቦዎች ሳያዩ ካምቢዮ መክፈት ገንዘብ መበተን ነው። ቦክሰር ላይ ጥርሱ የተበላ ካቴናም እየዘለለ የካምቢዮ በሽታ ይመስላል። እሱን በዓይን ማየት ይቻላል፤ የኋላውን ጥርስ ተመልከቱ፣ እንደ ዓሣ መንጠቆ ተጣሞ ከሆነ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ከዚያ ጋሼ ወደ አክስቴ ልጅ ዞረው «ምን ዘይት ነው የምታደርግላት?» አሉት። ልጁ መሬት መሬት አየ። ርካሽ ነው ብሎ የመኪና ዘይት ሲጨምር ከርሟል። በብዙ ሞተር ሳይክሎች ፍሪሲዮኑ የሚዋኘው ሞተሩና ካምቢዮው በሚጠቀሙት በዚያው አንድ ዘይት ውስጥ ነው። አንዳንዱ የመኪና ዘይት ግን ፍትጊያ የሚቀንስ ነገር ይጨመርበታል፤ ለመኪና ጥሩ ነው፣ በዘይት ውስጥ ላለ ሸራ ግን መርዝ ነው። ለዚህ ነው ጃፓኖች «ጃሶ ኤምኤ» የሚል መመዘኛ ያወጡት፤ ጣሳው ላይ ያንን ፈልጉ። ጋሼ ዘይቱን በንጹሕ ጎድጓዳ ሳህን አፈሰሱት፤ ማግኔት ከተቱበት። ማግኔቱ ላይ የተሰበሰበው እንደ ኩል የላመ ግራጫ ነገር ነበር። «ይሄ እርጅና ነው፣ ሁላችንም አለን። ስባሪ ብረት ቢወጣ ኖሮ አለቅስልሽ ነበር» አሉ። ዲስኮቹ ተቀየሩ፤ አዲሶቹ ከመገጠማቸው በፊት ዘይት ውስጥ አደሩ። ካምቢዮው ሳይከፈት ቀረ፤ እስከ መጨረሻውም አልተከፈተም።

እኔ በዚያ ሰሞን አንድ ባለ መስመር ደብተር ገዛሁ። በግራ ዓምድ የእኛን ስም፣ በቀኝ ዓምድ የሱዳኑን ስም፣ በሦስተኛው «ሳይቀየር በፊት ምን ይታይ» የሚለውን ጻፍኩ። እንደ ዴቢትና ክሬዲት። ጋሼ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ ይሞሉት ነበር፤ የሱዳኑን ቃል ራሳቸው በዐረብኛ ፊደል ይጽፉታል። ደብተሩ ስድስት ዓመት ኖረ። ከመተማ የሚደውሉ ነጋዴዎች ዕቃ ከማዘዛቸው በፊት «ደብተሩን እይልኝ» ይሉኝ ነበር። ስንት ሰው ካላስፈላጊ ግዢ እንዳዳነ አልቆጠርኩም፤ መቁጠር ነበረብኝ።

ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ቅዳም ሹር ነበር። ለፋሲካ ዶሮ ገዝተናል፣ ሽንኩርቱ ተከትፎ አልቋል፤ ሱዳኖቹ ጎረቤቶቻችን ረመዳን ላይ ናቸው። ጠዋት ተኩስ ሰማን። በመጀመሪያው ቀን የመሰለን እንደ ሌላው ጊዜ ሁለት ቀን ቆይቶ የሚበርድ ነው። መብራት ጠፋ፣ ውሃ ጠፋ። የቦክሰሯ ባትሪ ሞቶ ስለነበር ሰልፍ የሚባል ነገር የለም፤ የአክስቴ ልጅ በእግሩ እየመታ ያስነሳት ነበር። በታንኳ ውስጥ የቀረውን ጥቂት ቤንዚን ውሃ ለመቅዳትና የታመመች ጎረቤት ለማድረስ ተጠቀምንበት። ከአሥር ቀን በላይ ቆይተን በጭነት መኪና ወደ መዳኒ ወጣን፤ ከዚያ ገዳሪፍ፣ ከዚያ ገላባት። ቦክሰሯን ለጎረቤታችን ለረክሻ ነጂው ልጅ ተውንለት። «ሰልፍ ባይዝ» ያለኝ ያ ልጅ ነው፤ ያኔ የሚስት አባት ሆኖ ነበር፣ ቤተሰቡን የሚያወጣበት አልነበረውም።

ጋሼ አልወጣም አሉ። «አንዴ በእግሬ ተሰድጃለሁ፣ ይበቃኛል» ነበር ያሉት። ስልካቸው ከዚያ ዓመት ወዲህ አይሠራም። የሱዳን ጦር በማርች 2025 ካርቱምን ካስለቀቀ በኋላ ወደ አል-ሳሃፋ የተመለሰች አንዲት የቀድሞ ጎረቤታችን ግቢያችን በሩ ተነቅሎ ባዶ መሆኑን ነገረችኝ። ስለ ጋሼ ጠየቅኳት። የሚያውቅ ሰው አላገኘችም።

ደብተሩ የቀረው አልጋው ሥር በነበረ ሳጥን ውስጥ ነው። ጎንደር ሆኜ አሁን ከጭንቅላቴ እየጻፍኩት ነው፤ ሠላሳ ስድስት ቃል ደርሻለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ነጋዴ ከመተማ ደውላ «እትዬ፣ ደንበኛዬ ሞተሪኖ አዘዘኝ፣ ገዳሪፍ ላለ ሰው ልንገረው ወይ?» አለችኝ። ደንበኛዋ ቁልፉን ሲጫን ምን እንደሚሰማ መጀመሪያ ጠይቂው አልኳት። ከአንድ ሰዓት በኋላ መልሳ ደወለች፤ ጠቅ ብቻ ነው የሚለው፣ መብራቱም ይፈዛል። የባትሪውን ጫፍ ዝገት ይጥረግና ባትሪውን ያስሞላ አልኳት። ሞተሪኖው ሳይታዘዝ ቀረ።

አንድ ቃል ግን እስካሁን አልመጣልኝም። ያችን ባለ ሦስት ሮለር ዕቃ፣ አንድ ወገን ብቻ የምትይዘዋን፣ ጋሼ በቀኝ ዓምድ ላይ በዐረብኛ የጻፉላትን ስም አላስታውስም። እኛም በግራ ዓምድ ስም አልነበራትም፤ «መሃሏ» ብለን ነበር የምንጠራት። ሲናዒያ ወይም ገዳሪፍ የሠራችሁ፣ የሱዳን መካኒክ ምን እንደሚላት የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ። ሠላሳ ሰባተኛ አድርጌ አስገባታለሁ።